አርባ ጭረት

ጋሽ አንዷ ይሉታል። የወጣለት ስም አይደለም፤ እኛ የመሬት ልኬት ክፍል ሰዎች የለጠፍንበት ነው። እሱም ከመልመዱ የተነሳ ስልክ ሲያነሳ እንኳን “አቤት፣ አንዷ ነኝ” ይላል። ነገሩ የመጣው ከአንድ የመለኪያ ጥብጣብ ነው። ሃምሳ ሜትር የሚረዝም የብረት ጥብጣብ ነበረው፤ አንድ ቀን የጭነት መኪና ጎማ ወጣበትና ጫፉ ተበጠሰ። የተበጠሰው የመጀመሪያው ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ጥብጣቡ ከዜሮ መጀመሩ ቀርቶ ከአንድ ቁጥር የሚጀምር ሆነ። አዲስ ይገዛልኝ ብሎ ቢያመለክት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው አርባ ዘጠኝ ሜትር ደህና ብረት እጅህ ላይ እያለ ምን ጎደለህ ብሎ መለሰው። በሙያው ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። በተበጠሰ ጥብጣብ መለካት ይቻላል፤ አንዷን መቀነስ አለመርሳት ብቻ ነው። ጥብጣቡ ሃምሳ ሲል መሬቱ ላይ ያለው አርባ ዘጠኝ ነው። እሱም በጥብጣቡ የቆዳ ማቀፊያ ላይ በወፍራም ቀለም “አንዷን አትርሳ” ብሎ ጻፈበት።

ይህችን ቃል ከሥራ አልፎ ለሁሉም ነገር አደረጋት። ደብዳቤ ሲታሸግ አንዷን አትርሱ ነው፤ ሻይ ሲታዘዝ አንዷን አትርሱ ነው፤ ሰው ለዓመት ፈቃድ ሲሰናበትም ያው ነው። እኔ ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛው ጎን ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ሰምቻለሁ። እሱ መስክ ወጥቶ ይለካል፤ እኔ ደብተሩን ተቀብዬ ካርታውን እነድፋለሁ። በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል፤ ጋሽ እያልኩ አንተ የምለው ሰው እሱ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር አብረውት ለመሥራት የሚመች አልነበረም። ውሃ ቀጠነ ይላል። እርሳሱን የሚቀርጸው እኔ ወረቀት ላይ ነው። የነደፍኩትን መስመር በማጉያ መነጽር እያየ “ይቺ ፀጉር ታህል ወጣ ብላለች” ሲለኝ ስንት ቀን ቀለሙን ልደፋበት እንዳማረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዘመን የእሱ ልኬት ተሳስቷል የሚል አቤቱታ መጥቶ አያውቅም። ሰዎች በአጥር ሲካሰሱ ዳኛው ማን እንደለካው ይጠይቃል፤ እሱ ነው ከተባለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ሚስቱ የሞተችበት ልጃቸው አምስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ሌላ አላገባም። ልጅቷን ራሱ አጠበ፣ ራሱ አበጠረ። ሹሩባ መሥራት ከጎረቤት ሴቶች ተምሮ፣ ጉንጉኖቹ እኩል ካልወረዱለት ፈትቶ እንደገና ይጀምራል፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት የምታረፍደው በዚህ ምክንያት ነበር። አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች። የአባቷን ዓይን ወርሳለች። ደንበኛ ገና በሩ ላይ እንደቆመ የወገቡን ልክ ትነግረዋለች፤ ከዚያ ለወጉ ያህል በሜትር ታረጋግጣለች። ስፌት ስትጀምር አባቷ ምን ብሎ እንደመከራት መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ጦር ሜዳው ልምጣ፤ የዚህ ሰው ጣጣ ያለው እዚያ ነው።

ከከተማችን በስተምዕራብ አንድ የጦር ሜዳ አለ። እኛ ሳንወለድ ሁለት ጦር ገጥሞበት፣ ከጠዋት እስከ ምሽት ተዋግቶበት፣ ማንም ሳያሸንፍ ቀርቷል። የሞተውን ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ያቃታቸው ሰዎች ሁሉንም በአንድ ረጅም ምሽግ ውስጥ ደርድረው አፈር መለሱበት። ከዚያ ሜዳው ታረሰ፤ ምሽጉም ከእርሻው ጋር እኩል ሆነ። ቆመህ ብታየው ምንም አይታይም፤ ዝም ያለ ሜዳ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት መንግሥት ቦታው በቅርስነት ይከለል አለ። ወሰኑን ያጠናችው የታሪክ ባለሙያ ምሽጉን ከድሮ የአየር ፎቶግራፍ ላይ አግኝታዋለች። ከሜዳው ምዕራብ ጫፍ ካለው የድንጋይ ድልድይ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሺህ ሜትር ከተለካ ምሽጉ ወሰኑ ውስጥ ይገባል። ደንቡም ይህንኑ ቁጥር ይዞ ወጣ። ድልድዩ ቋሚ ነው፣ ቁጥሩ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ለክቶ ድንጋይ መትከል ነው። ለዚህ ደግሞ ከጋሽ አንዷ ሌላ ማን ይታዘዛል?

በልኬቱ ቀን አንድ ሽማግሌ አብረውት ሄዱ። በልጅነታቸው በዚያ ውጊያ ውሃ ያመላልሱ ነበር፤ ከዚያ ቀን ሰዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ከጥብጣቡ ጎን ለጎን ሲራመዱ ውለዋል። በማግስቱ ጋሽ አንዷ ቢሮ ገብቶ እንደነገረኝ፣ ሁለት ሺህ ሞልቶ ችካሉ ሲመታ ሽማግሌው ቀድመውት ወዲያ ማዶ ቆመው አገኛቸው።

“ልጄ፣ እዚህ ነው፤ እግሬ ያውቀዋል” አሉት።

“አባባ፣ ስንት ዓመት አለፈው እኮ። ይሄ ጥብጣብ ነው፤ አይሳሳትም” አላቸው።

ሽማግሌው እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ ብለው ተመለሱ። ይህን ሲያወራኝ ሁለታችንም ሳቅን። ከጥብጣብ ጋር የሚከራከር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ አለኝ፤ እኔም አላውቅም አልኩ። ያን ሳቅ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ሽማግሌው ዓመቱ ሳይዞር ሞቱ።

ከተማው በየት በኩል እንደሚያድግ ማንንም ሳይጠይቅ አደገ፤ ከስምንት ዓመት በፊት እስከ ወሰኑ ድንጋይ ደረሰ። ከድንጋዩ ወዲህ፣ በከተማው በኩል፣ አንድ ረድፍ የቤት ቦታ ተመራ፣ ስድስት ቤት። የጋሽ አንዷ ልጅ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው። ቦታ ምረጡ ሲባሉ አባቷ እጇን ይዞ ወስዶ ሦስተኛውን ቦታ አሳያት። በዚያ በኩል ማንም ቤት አይሠራም፣ ሜዳው የመንግሥት ቅርስ ነው፣ ዕድሜ ልክሽን መስኮትሽን ከፍተሽ ሰማይ ታያለሽ አላት። ሠሩ፤ ሁለት ልጆች ወለዱ። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ከቤቱ ጀርባ፣ ከግቢው ጫፍ፣ በራሷ ላብ አንዲት የስፌት ክፍል ሠራች። በሩ ሰማያዊ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ቤቱ የባሌና የእኔ ነው፤ ይቺ ክፍል ግን የእኔ ናት ትል ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በአራተኛው ቤት ነው። ባለቤቱ መካኒክ ነው፤ ለሽንት ቤት አዲስ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ወገብ ድረስ እንደተቆፈረ አጥንት ወጣ። አንድ ቢሆን አንድ ነው፤ ይሄ ተደርድሯል። ቁልፎች፣ የቀበቶ መቆለፊያ፣ የጫማ ሶል አብሮ ወጣ። መካኒኩ ጨዋ ሰው ነው፤ ሥራውን አስቁሞ፣ በሸራ ሸፍኖ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሯችን መጣ።

የቢሯችን ኃላፊ ወጣት ነው፤ ክፉ አይደለም፤ ጣጣ አይወድም። ካርታውን አምጪ አለኝ። ካርታው የእኔ እጅ ሥራ ነው። ቦታው ከወሰኑ ውጪ ነው፤ ከወሰኑ ውጪ ከሆነ የጦር ሜዳ አይደለም፤ የጦር ሜዳ ካልሆነ የድሮ መቃብር ነው ማለት ነው። እንደዚህ እያለ ደረጃ በደረጃ ወረደና ማዘጋጃ ቤቱ አጥንቱን ሰብስቦ ወደ መቃብር ያዛውር፣ ባለቤቱም ግንባታውን ይቀጥል የሚል ደብዳቤ አረቀቀ። ኮሚቴው ሐሙስ ይፈርምበታል፤ አንቺ ካርታውን አባሪ አድርጊ አለኝ።

ማክሰኞ ጋሽ አንዷ መጣ። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቢሮ የሚመጣው እኔን ለመነዝነዝ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ግን አልተቀመጠም። መካኒኩ የልጁ ጎረቤት ነውና ሸራውን ገልጦ አሳይቶታል። የዚያን ዓመት የመስክ ደብተሬን አውጪልኝ አለኝ። ምን ሊያደርግልህ ነው ብዬ ላሾፍ ብል ፊቱን አይቼ ተውኩት። ምድር ቤት ወርደን፣ ከመዝገብ መደርደሪያው ሥር አቧራ እየበላን አገኘነው።

ገጹን ሲገልጥ የመጀመሪያው መስመር በራሱ ጽሕፈት “የተበጠሰው ጥብጣብ፤ ከ1 ይጀምራል” ይላል። ከሥሩ ጭረቶች አሉ። ጥብጣቡ አንድ ጊዜ በተዘረጋ ቁጥር አንዲት ጭረት ያደርጋል፤ አምስት ሲሞሉ ያስራቸዋል። ስምንት እስር ነበሩ። በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። አርባ። ከሥራቸው “40 × 50 = 2000” ብሎ አስምሮበታል፤ ከአጠገቡ የወሰኑ ድንጋይ ምልክት አለ። ደግሞ ከመጀመሪያው ቆጠረ። እኔም በጭንቅላቴ አሰላሁት፤ ማስላት ካስፈለገው። በእያንዳንዷ ጭረት አንድ ሜትር ጎድላለች። አርባ ሜትር አጥሯል። ድንጋዩ የተተከለው ምሽጉ ጋ ሳይደርስ ነው፤ ሽማግሌው ቆመውበት የነበረው ቦታ ደግሞ ዛሬ የስድስት ሰው ቤት ነው።

ከመደርደሪያው ሥር ባለችው ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

“ሽማግሌውን እየሰማኋቸው ነበር” አለ። “እያንዳንዷ ጭረት ላይ አንድ ሰው ይነግሩኛል። እዚህ ጋ ብርድ ልብስ የምንካፈለው ወደቀ፤ እዚህ ጋ ውሃ ስጠኝ ያለኝን ሳላጠጣው አለፍኩ። እኔ ጭረቷን እያደረግኩ የማስበው ስለ ሰውየው ነው።”

የቀረው ገባኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ለሁሉም ሰው አንዷን አትርሱ ሲል የኖረ ሰው አርባ ጊዜ ረሳት። ረስቶም አላበቃ፣ ቦታውን በእግራቸው የሚያውቁትን ሽማግሌ በተበጠሰ ጥብጣብ አሳፍሮ መለሳቸው። ለራሴም ይቅርታ አላደርግም። ደብተሩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የትኛው ጥብጣብ እንደሆነ ከላይ ተጽፏል፤ አርባ ጭረት ከታች አለ። የሌላ ሰው ደብተር ቢሆን እደምረው ነበር። የእሱ ስለሆነ ዝም ብዬ ሁለት ሺህ ብዬ ነደፍኩት።

የማፍርበትን ደግሞ ልናገር፤ ከተናገርኩ አይቀር። ይህን ደብተር የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን አልኩት። ምድር ቤት ነው፣ በክረምት ውሃ ይገባል፣ ስንት ደብተር በስብሶ ተጥሏል። ቀና ብሎ አየኝና የደብተሩን አቧራ በእጅጌው ጠረገ። እሺ ተናገር አልኩት፤ ግን መስመሩን የምነድፈው እኔ አይደለሁም? የልጅህ ቤት ጋ ስደርስ በትንሹ ልዙርላት። ይህን ስለው ድምፄ ይለምን ነበር። ልጅቷን ከሹሩባዋ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ የለበስኩትን ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት።

“ከወለሏ በታች ያሉትስ ይዞሩላታል?” አለኝ።

ደብተሩን እቅፌ ውስጥ ትቶልኝ ወጣ። ረቡዕ ለልጁ ሊነግራት ሄደ። እዚያ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ከራሷ ነው። ማሽኗ ላይ ነበረች፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ይህን ቦታ አንተ ነህ የመረጥክልኝ አለችው። አዎ አለ። ሁለት ልጅ ይዤ የት ልግባ አለችው። እሱ ያለው ሁለት ጠባብ ክፍል ነው። እሷም ወደ ማሽኗ ዞረች። እስኪሄድ ድረስ ፔዳሉን መርገጥ አላቆመችም፤ ከመርፌው ሥር ግን ጨርቅ አልነበረም።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጋሽ አንዷ ሳይጠራ ገብቶ ቆመ። ያጠረውን፣ ያጠረበትን ምክንያት፣ ሽማግሌው ያሉትን፣ እሱ የመለሰላቸውን ሁሉንም ተናገረ። የልጁ ቤት በዚያ ረድፍ ሦስተኛ መሆኑንም አልደበቀም። ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እርግጠኛ ነዎት ወይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ጡረታም ወጥተዋል አለው፤ በር እየከፈተለት መሆኑ ነው። ጋሽ አንዷ በሩን አላየውም። ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው የሚጥለው ነገር የለም፤ ጥብጣቡም ተፈልጎ መጣ። ማቀፊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዞ ነበር። ጫፉን ሲስቡት ከአንድ ይጀምራል።

የሳተላይት መሣሪያ ከዋናው መሥሪያ ቤት እስኪመጣ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ዝናቡ ደግሞ ተቃርቧል፤ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ ቅዳሜ በዚያው ጥብጣብ እንደገና ይለካ ተባለ። አርባ ጊዜ ተዘርግቶ አሮጌው ድንጋይ ላይ ከደረሰ እውነት ብለዋል ማለት ነው፤ ካልደረሰ ደብዳቤው እንዳለ ይወጣል። አዲሱ ወሰን ውስጥ የገባ ሁሉ ይነሳል፤ ከወሰኑ ውጪ የቀረ ግን አይነካም። ይህን ሲሉ የስፌት ክፍሏ ትዝ አለችኝ፤ ከግቢው ጫፍ ናት፤ ምናልባት ትተርፍ ይሆናል አልኩ በሆዴ።

ቅዳሜ የስድስቱም ቤት ሰዎች ወጥተው ቆሙ። ጋሽ አንዷን ሰላም ያለው መካኒኩ ብቻ ነው። ከአምስተኛው ቤት አንዲት እናት ቀረብ ብለው በሚሰማው ድምፅ “ይዘውት ቢሞቱ ምን ነበረበት?” አሉት። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ያላሰበው ነገር አልነበረም።

ከድልድዩ ተነስተን መጣን። ወጣቶቹ ቀያሾች ይዘረጋሉ፤ የኃላፊው ጸሐፊ ጭረት ያደርጋል፤ ጋሽ አንዷ ከጎን ይራመዳል። አንዳንድ ቦታ ላይ ቆም ይላል፤ ምን እንደሚያስታውስ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ፀሐዩ ናላ የሚያዞር ነበር። አርባኛው ጭረት ላይ የጥብጣቡ ጫፍ ከአሮጌው ድንጋይ ሥር፣ መዳፍ ከማይሞላ ርቀት ላይ አረፈ። የመጀመሪያው ቤት ሕፃን ደረስን ወይ ብሎ ጠየቀ።

የቀረው አርባ ሜትር ነው፤ እሱም በሦስተኛው ቤት ውስጥ ያልፋል። የደንቡ መስመር ከድልድዩ ቀጥ ብሎ ሲመጣ የሚገባው በልጁ በር ነው። ጋሽ አንዷ የተበጠሰውን ጫፍ እኔ እይዛለሁ ብሎ ከድንጋዩ ሥር ተንበረከከ። አንዱ ወጣት መጠቅለያውን ይዞ ወደ ቤቱ ሲራመድ ልጅቷ ከበሩ ወጥታ እጇን ዘረጋች። ቤቴ ውስጥ እኔ ነኝ የማስገባው አለችና ተቀበለችው። አባቷን አላየችውም።

እኔና ጸሐፊው ተከተልናት። ጥብጣቡ በበሩ ገባ፤ ሳሎኑን አቋረጠ። ቀጥ እንዲል ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋችው፤ የልጆቹን ደብተሮች አንስታ ሶፋው ላይ አስቀመጠች። በጓሮ በር ወጣን። ጥብጣቡ በታጠበ ልብስ መሃል፣ በልጆቹ ኳስ ጎን አለፈ። ከሰማያዊው በር ፊት ለፊት፣ ከደረጃው ጥግ ላይ አርባ ቁጥር መጣ። ጸሐፊው ላቡን እየጠረገ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

“አርባ። እዚህ ችካል ምቱ” አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ፈገግ አለላት፤ የሥራ ክፍልሽ እንኳን ተርፏል አላት።

ስንት ቀን የተሰበሰብነው በዚያች በአንዷ ነገር ነው። ኮሚቴ ተቀምጧል፣ ቃለ ጉባኤ ተጽፏል፣ ሁለት ሺህ ሜትር በፀሐይ ተሄዷል። ጸሐፊው ግን አርባ ብሎ ደብተሩን ሊዘጋ ነው። እኔ አይቻለሁ። ጥብጣቡ ከአንድ እንደሚጀምር እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል? አፌን ከፈትኩ። ሰማያዊውን በር አየሁት፤ በመስኮቱ የሚታየውን ማሽን፣ ግማሽ የተሰፋ የልጅ ዩኒፎርም አየሁ። ምላሴን ነከስኩና መሬት መሬት አየሁ። ዛሬም አልዋሽም፤ ዝም ነበር የምለው። አባቷ ከቤቱ ማዶ ነው፣ አያይም።

“ስንት ሆነ?” የሚል ድምፁ በሳሎኑ በኩል መጣ።

ልጅቷ መጠቅለያውን እንደያዘች ቁጥሩን አየችው። ደንበኛ ስትለካ እንደምታይ አድርጋ ነው ያየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔ ቀና አላልኩም።

“አንዷ ቀረች” አለች።

ከቀሚሷ ኪስ ቁልፍ አውጥታ ሰማያዊውን በር ከፈተች። ጥብጣቡን እየሳበች ገባች። አርባ አንድ ቁጥር የማሽኑ ፔዳል ላይ ደረሰ፤ ጎንበስ ብላ በጣቷ ያዘችው።

“እዚህ ነው” አለች ለጸሐፊው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ቤቱ ማዶ ተጣራች፤ “አርባ አንድ፣ አባዬ። ቀንሻታለሁ።”

ጥብጣቡ በጓሮውና በሳሎኑ፣ ከድንጋዩ ሥር ካለው እጁ እስከ እሷ ጣት ድረስ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሷም ዝም እስኪል ድረስ አጥብቃ ያዘችው።